ዝናባማ ቀን በስኮትላንድ መንገድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዙሪያ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አብረን እናስተናግዳለን። ጸሐፊዎቹ የሚተዋወቁ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ሦስቱም በመጪው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ስኮትላንድ የሚሄዱ ናቸው፤ ሦስቱንም ያሳሰባቸው ዝናቡ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ለገጣፎ ሲሆን ሁለታችንም በመምህርነት አገልግለን ጡረታ ወጥተናል። ሴት ልጃችን ኤድንብራ ትሠራለች፤ በመጪው ነሐሴ እንጠይቃታለን። ከሥራዋ የምታገኘው ፈቃድ አጭር በመሆኑ በመኪና ይዛን ልትወጣ የምትችለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ስልክ በደወለች ቁጥር ግን «ዛሬም ይዘንባል» ትለናለች። ያ ቀን ዝናብ ቢሆን ቤት ብንቀመጥ ይሻላል ወይስ እንውጣ? ብንወጣስ ዕድሜያችንን ያገናዘበ፣ ብዙ የእግር መንገድ የሌለው፣ ሆኖም በመኪና መስኮት አይቶ ከመመለስ ያለፈ ምን ይመክሩናል? ታሪክ ሳስተምር ስለኖርሁ ከአገራችን ጋር የሚገናኝ ነገር ቢኖርበት ደስታዬ እጥፍ ይሆናል።
— ጡረተኛ መምህር፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ ውጡ፣ ቤት አትቀመጡ። በስኮትላንድ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቅ እንግዳ የመጣበትን ጊዜ በሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሊጨርሰው ይችላል። ይሁን እንጂ ለጠራ ቀን የታሰበውን ጉዞ በዝናብ ቀን እንዳለ ለመፈጸም መሞከርም አይበጅም። ለዝናብ ቀን የሚስማማ የራሱ መንገድ አለ፤ አጠር ያለ፣ ጣሪያ ያለውንና ዝናብ የሚያሳምረውን እያፈራረቀ የሚሄድ መንገድ ነው፤ እኔም የምመክራችሁ ያንን ነው።

ስለ ዝናቡ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ከለገጣፎ ለሚነሣ ሰው ዝናብ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣው የሐምሌው ዶፍ፣ ማለትም ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ በነጎድጓድና በበረዶ የሚወርደው፣ የውስጥ ለውስጡን መንገድ በአንድ ሰዓት ማጥ የሚያደርገው ዝናብ ነው። የስኮትላንድ ዝናብ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። በካፊያ ይጀምራል፤ ነፋስ እየገፋው በአግድም ይመጣል፤ ጥቂት ቆም ብሎ ፀሐይ ካሳየ በኋላ ተመልሶ ይቀጥላል። በመጠን ከሄድንማ ኤድንብራ በዓመት የምታገኘው 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ልዩነቱ የእኛው በጥቂት የክረምት ወራት ተሰብስቦ ሲወርድ የእነርሱ በዓመቱ ወራት ሁሉ መከፋፈሉ ነው። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ በመጀመሪያ የሚያገኘው የምዕራቡን ተራሮች ስለሆነ፣ እነርሱን ለመሻገር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና የተሸከመውን ውኃ እዚያው ያራግፈዋል፤ በዚህም የተነሣ በምዕራብ ያለችው ፎርት ዊልያም የኤድንብራን ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች። እንግዲህ ልጃችሁ ጠዋት የአየር ትንበያውን ስትመለከት ዋናው ጥያቄ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም የሚለው ሳይሆን የት ይበረታል የሚለው ነው፤ ምዕራቡ በደመና ተውጦ ሳለ ምሥራቁ ደረቅ ሆኖ የሚውልበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ከፍታው አያሳስባችሁ። የብሪታንያ ሁሉ ረጅሙ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ብቻ ነው፤ ከእናንተ ቤት ደጃፍ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። የነሐሴው ሙቀትም ከአዲስ አበባ ክረምት ብዙም አይርቅም። የሚከብደው ነፋሱ ነው።

ጉዞውን ገና ከኤድንብራ ሳትወጡ ጀምሩት። በፕሪንስስ ጎዳና ምዕራባዊ ጫፍ የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ ከዘረፋቸው ንዋያተ ቅድሳት መካከል አንድ ታቦት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ተቀምጦ ነበር። በ2001 ከካህናቱ አንዱ አግኝቶት ምንነቱን ስለተረዳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በገዛ ፈቃዱ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አስረከበው፤ በ2002 አዲስ አበባ ሲገባም ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ዛሬ እዚያ ገብታችሁ የምታዩት የእኛ የሆነ ነገር የለም። እኔ ግን ጎራ በሉ የምለው ስለዚሁ ነው፤ ሌሎች የመቅደላ ታቦታት እስከ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተዘግቶባቸው ሳለ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው የሰውን ንብረት ለባለቤቱ የመለሱ ሰዎች ቤት ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ መቀመጥ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የታሪክ መምህር የሚገባ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ ተጓዙና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ላርበርት ትደርሳላችሁ። ላርበርት በቱሪስት መጻሕፍት ገጽ የሚያጋጥም ስም አይደለም፤ ለእኛ ግን ቁም ነገር አለው። በከተማዋ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያረፈው ጄምስ ብሩስ ነው። እርስዎ በክፍል ውስጥ ደጋግመው ሳያነሡት አይቀሩም፤ በ1730 በዚሁ አካባቢ በኪናርድ ተወልዶ፣ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም አስጠግተውት፣ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊ ነው። የዓባይን ምንጭ ለማየት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ማለቱ ትክክል አልነበረም፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞታል። ሌላው ሥራው ግን የሚካድ አይደለም። በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ይዟቸው ከሄዳቸው የግእዝ ብራናዎች መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል፤ ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ስለነበር የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉ ቃሉን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን በለንደን ብዙዎች አላመኑትም። ያን ሁሉ በረሃና ጦርነት በሕይወት ያለፈ ሰው በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲወርድ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ለመታሰቢያው የቆመው ሐውልት የድንጋይ አይደለም፤ በአቅራቢያው በነበረው የካሮን ብረት ማቅለጫ የተሠራ የብረት ሐውልት ነው። በዝናብ ጊዜ ብረቱ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ በየጠርዙ የተንጠለጠለው ጠብታ ሳይወርድ ቆይቶ ቆይቶ ይወርዳል፤ በዙሪያው ያለው ሣር እግር ያርሳል፤ ብዙ ጊዜ ከእናንተ በቀር ሌላ ጎብኚ አታገኙም። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። በዚያው አቅራቢያ በፎልከርክ በ2002 የተከፈተውና ጀልባዎችን ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው 24 ሜትር ሽቅብ እያዞረ የሚያወጣው የፎልከርክ መንኮራኩር አለ፤ ለመካኒክነት ነፍሱን የሚሰጥ ሰው አብሯችሁ ከሌለ ከሩቅ አይታችሁት እለፉ።

ዝናቡ በርትቶ እንደሆነ የቀኑን እኩሌታ የምታሳልፉበት ቦታ ስተርሊንግ ነው። ቤተ መንግሥቱ በገደል አናት ላይ ቢሆንም መኪና እስከ በሩ ድረስ ይወጣል። ውስጡ ሰፊና ደረቅ ነው፤ በ1500ዎቹ መጀመሪያ በንጉሥ ጄምስ አራተኛ ዘመን ተሠርቶ ያለቀው ታላቁ አዳራሽ፣ የጄምስ አምስተኛ መኖሪያ ክፍሎች፣ በኦክ እንጨት ላይ የተቀረጹት ክብ ክብ ፊቶች፣ ሁሉም ጣሪያ ሥር ናቸው። ሜሪ የተባለችው የስኮትላንድ ንግሥት በ1543 ዘውድ የጫነችው እዚህ ነው፤ ዕድሜዋ ያኔ ዘጠኝ ወር ነበር። የአዳራሹ ውጫዊ ግድግዳ እንደ ጥንቱ በወርቃማ ቢጫ ኖራ ስለተቀባ በደመናማ ሰማይ ሥር ከሩቅ ደምቆ ይታያል፤ በጠራራ ፀሐይ ይህን ያህል አይደምቅም። ከቅጥሩ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ዊልያም ዋላስ በ1297 የእንግሊዝን ጦር ድል ያደረገበት የወንዝ ዳር፣ የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በ1314 እንግሊዞችን ያሸነፈበት የባኖክበርን አካባቢም እዚያው ናቸው። አድዋን ላስተማረ ሰው የእነዚህ ቦታዎች ትርጉም አይጠፋውም። የግቢው የድንጋይ ንጣፍ ሲርስ በጣም ያንሸራትታል፤ ባለቤትዎን በክንድዎ ይዘው በዝግታ ይራመዱ።

ምሳ ስተርሊንግ በልታችሁ በካላንደር በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ ኪሊን መንደር ሂዱ። ዝናብ ዕንቅፋት መሆኑ ቀርቶ ዋናው ምክንያት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የዶካርት ወንዝ በመንደሩ መካከል በሰፋፊ አለቶች ላይ እየተሰባበረ ያልፋል፤ ብዙ ቅስቶች ያሉት አሮጌ የድንጋይ ድልድይ በላዩ ተሠርቷል፤ መንገዱም በዚሁ ድልድይ ላይ ስለሚሄድ ፏፏቴውን ለማየት መውጣትም መውረድም የለባችሁም። ዝናብ ባልዘነበበት ሳምንት ወንዙ በአለቱ መካከል ቀጥኖ ይፈስሳል። ከበረታ ዝናብ በኋላ ግን ከዳር እስከ ዳር ነጭ አረፋ ይሆናል፤ ድምፁም ጎን ለጎን ቆመው የሚያወሩ ሰዎችን አያደማምጥም። የውኃው ቀለም ያስገርማችኋል። የእኛ ወንዞች በክረምት የሚደፈርሱት አፈራችንን ተሸክመው ስለሚሄዱ ነው፤ ይህኛው ግን እንደ ጠቆረ ሻይ ቡናማ ሆኖ ሳለ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለሙን የሚያገኘው በደጋው ላይ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ከተጠራቀመው ረግረጋማ የዕፅዋት ክምር ነው። ድልድዩ ጠባብ ስለሆነና መኪና ስለሚያልፍበት ለማየት የምትቆሙበትን ዳር አስተውሉ። ከድልድዩ በታች ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ የማክናብ ጎሣ የጥንት መካነ መቃብር አለ።

ከኪሊን ወዲያ ውሳኔው የሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ሳይሆን ኪሊን ከደረሳችሁና ልጃችሁ ካልደከማት ግሌንኮ ወደሚባለው የተራሮች ሸለቆ ቀጥሉ፤ ካለፈ ግን ተመለሱ። ነሐሴ ውስጥ በዚያ አገር እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ብርሃን አለ፤ ይሁን እንጂ ከግሌንኮ እስከ ኤድንብራ ያለው 190 ኪሎ ሜትር ገደማ በዝናብ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ወደ ግሌንኮ የሚያስገባው ኤ82 የተባለው መንገድ ራኖክ ሙር በሚባል ዛፍ የለሽ ረግረግ ሜዳ አቋርጦ በድንገት በሁለት የተራራ ግድግዳዎች መካከል ይገባል። ሦስቱ እኅትማማቾች የሚሏቸው ተራሮች በስተግራ ተደርድረው ይቆማሉ። በጠራ ቀን እነዚህ ተራሮች ተራሮች ብቻ ናቸው። በዝናብ ቀን ግን ትናንት ያልነበረ ጅረት በየስንጥቁ ነጭ ክር ሆኖ ይወርዳል፤ ደመናው አንዱን ጫፍ ከድኖ ሌላውን ይገልጣል፤ ባለበት የሚቆይ መልክ የላቸውም። በፎቶግራፍ መጽሐፍ ከሚታየው ሰማያዊ ሰማይ ይልቅ የቦታው እውነተኛ ጠባይ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ሸለቆ የተፈጸመውን ለሚያውቅ ሰውም የሚስማማው ይኸው ገጽታ ነው። በየካቲት 13 ቀን 1692 እ.ኤ.አ. የንጉሥ ዊልያም ወታደሮች ለሁለት ሳምንት ገደማ በቤታቸው አስተናግደው ያበሏቸውንና ያጠጧቸውን የማክዶናልድ ጎሣ ሰዎች ሌሊት ተነሥተው ፈጇቸው። ምክንያት የተደረገው የጎሣው አለቃ ለንጉሡ መሐላ ለመፈጸም ከተወሰነው ቀን መዘግየቱ ነው። 38 ያህል ሰዎች ተገደሉ፤ ወደ ተራራው የሸሹ ሌሎችም በበረዶ ውስጥ አለቁ። በስኮትላንድ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ሰው ያለቀባቸው ጦርነቶች ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው ገዳዮቹ የበሉበትን ወጪት ሰባሪዎች ስለነበሩ ነው። እንግዳ ክቡር በሆነበት አገር ላደግን ለእኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሎክ ኔስንና ስካይ ደሴትን አለመጥቀሴን አስተውላችሁ ይሆናል። ሎክ ኔስ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከ220 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ግሩም ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን ከኤድንብራ ደርሶ መልስ ለአንድ ቀን እጅግ ይርቃል፤ በዝናብና በጭጋግ ቀን ደግሞ ከዳር ቆሞ የሚታየው ግራጫ ውኃ ብቻ ነው። ስካይ ከእርሱም ይርቃል። ልጃችሁ «ያን ሳታዩማ አትመለሱም» ብትላችሁ እንኳ እባካችሁ እምቢ በሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የመጥረጊያውን መመላለስ እያዩ መዋል ለእናንተም ለእርሷም አይገባም።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው፤ መኪና መንዳት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወንድሜ ግላስጎ ስለሚኖር በሐምሌ ወደ እርሱ ሄጄ መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን ለመጓዝ አስበናል። እርሱ መንጃ ፈቃድ ስለሌለው የምነዳው እኔ ነኝ። በግራ በኩል መንዳቱ፣ ዝናቡና «አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ» የሚሉት መንገድ አንድ ላይ ሲሆኑ አስፈርተውኛል። ምን ልጠንቀቅ?
— ከቡራዩ

መልስ፦ ወንድማችን፤ ከገፈርሳ በላይ ወደ ሆለታ ሲወጡ በሐምሌ ጠዋት የሚያጋጥምዎትን ጉም ለለመደ አሽከርካሪ ዝናቡ አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሚሆንብዎት ወገኑ ነው። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድዎ በጎብኚነት እስከ 12 ወር ድረስ መንዳት ሕጉ ይፈቅድልዎታል፤ አከራዩ ግን የራሱ መመዘኛ ሊኖረው ስለሚችል ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። አውቶማቲክ መኪና ይከራዩ። የእግር ፔዳሎቹ ቅደም ተከተል ያው ነው፤ ማርሹ ግን በግራ እጅ ስለሚገባ በመጀመሪያው ቀን አእምሮዎን ከመንገዱ ይሰርቅብዎታል። አደባባይ ላይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ቅድሚያ የሚሰጡትም ከቀኝዎ ለሚመጣ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት በትልቁ መንገድ ላይ አይደለም፤ ከነዳጅ ማደያ ወይም ከመኪና ማቆሚያ ባዶ መንገድ ላይ ሲወጡ ነው፤ የሚከተሉት መኪና ስለሌለ እጅ በልማዱ ወደ ቀኝ ይወስዳል። ወንድምዎ በእያንዳንዱ መውጫ ላይ «ግራ» እንዲልዎት ያስማሙት።

ጠባቡ መንገድ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ለሚያውቅ ሰው አስፈሪ አይደለም። በየተወሰነ ርቀት ነጭ ምልክት የተተከለበት መተላለፊያ ቦታ ይገኛል። ከፊትዎ መኪና ሲመጣ ካዩ መተላለፊያው በግራዎ ከሆነ ይግቡበት፤ በቀኝዎ ከሆነ ግን ወደ እርሱ አይሻገሩ፤ በራስዎ ወገን ትይዩው ቆመው የሚመጣው እንዲገባበት ያድርጉ። ሽቅብ ለሚመጣ ቅድሚያ ይስጡ። ከኋላዎ የተከተለ መኪና ካለም ጥግ ይዘው ያሳልፉት፤ የአገሩ ሰው ወደ ሥራው የሚሄድ ነው፤ እንደ እርስዎ ተራራ አይመለከትም። ሲተላለፉ እጅ አንሥቶ ማመስገን ልማዳቸው ነው። በመተላለፊያው ላይ መኪና አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የአካባቢውን ሰው ከሁሉ የበለጠ የሚያስቆጣው ይህ ነው። በጎችም አጥር በሌለበት መንገድ ላይ ይተኛሉ፤ ግልገሉ በአንድ ወገን እናቱ በሌላው ከሆኑ ግልገሉ እንደሚሻገር ቆጥረው በዝግታ ይለፉ።

ዝናቡን በተመለከተ፣ የአገሩ የመንገድ ደንብ በእርጥብ መንገድ ላይ ከፊት ካለው መኪና የሚኖርዎትን ርቀት ቢያንስ እጥፍ እንዲያደርጉ ያዝዛል፤ በደረቅ ሁለት ሰከንድ ከሆነ በእርጥብ አራት ነው። እይታ ከ100 ሜትር ሲያንስ የፊት መብራት ግዴታ ነው። ፍጥነት የሚለካው በማይል መሆኑን አይርሱ፤ ከከተማ ውጭ ባለ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ 60 ተብሎ የተፈቀደው በእኛ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ ጣሪያው እንጂ በዝናብ ሊነዱበት የሚገባው አይደለም። መሪው ድንገት የቀለለ ከመሰለዎት ጎማው በውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ነው፤ ፍሬን አይርገጡ፣ ነዳጁን በዝግታ ይልቀቁ። እርጥብ ልብስ የለበሱ ሰዎች መኪና ውስጥ ሲገቡ መስታወቱ ወዲያው በላብ ይሸፈናል፤ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ ይክፈቱ፣ የውጭ አየር ይግባ። ጎርፍ መንገድ አቋርጦ ካገኙ ጥልቀቱን ለመፈተን አይግቡ፤ ይመለሱ።

ወደ ምዕራብ ወደ አርጋይል የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ በኤ83 መንገድ ላይ «ሬስት ኤንድ ቢ ታንክፉል» የተባለው ኮረብታ በከባድ ዝናብ ጊዜ የአፈር መንሸራተት እየደረሰበት በተደጋጋሚ የሚዘጋ ስለሆነ ጠዋት የመንገዱን ሁኔታ ሳያረጋግጡ አይነሡ። በሸለቆዎቹ ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ነዳጅም ግማሽ ሲደርስ ይሙሉ። የአልኮል ገደቡ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከእንግሊዝ ይልቅ በስኮትላንድ የጠበቀ ነው፤ መሪ የያዘ ሰው ምንም ባይቀምስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነው የምጽፈው። ልጄ ወደ አበርዲን ወስዶኝ በመንገድ ላይ አገሩን ሊያሳየኝ አስቧል፤ ጊዜው ፍልሰታ ላይ ይውላል። ጾሜን መግደፍ አልፈልግም። በዝናብ ቀን መንገድ ላይ ምን እበላለሁ? ምንስ ልልበስ? እርሱ «ጃንጥላ አያስፈልግም» ይለኛል።
— እናት፣ ከሰበታ

መልስ፦ እናታችን፤ ልጅዎ እውነቱን ነው። በዚያ ነፋስ ጃንጥላ ወዲያው ይገለበጣል። የሚያስፈልግዎ ኮፍያ ያለው፣ ውኃ የማያስገባ ረዘም ያለ የዝናብ ልብስና ሶሉ የማያንሸራትት የተዘጋ ጫማ ነው። ላስቲክ በተነከረ ጨርቅ የሚሠራውን የዝናብ ካፖርት በ1823 የፈጠራ መብት ያወጣበት የግላስጎው ቻርልስ ማኪንቶሽ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ይህን ልብስ የሚያምኑት በልምድ ነው። ጋቢዎን ይያዙ፤ ነገር ግን መኪና ውስጥ ይቆይልዎት፤ ዝናብ ከነካው ቀኑን ሙሉ አይደርቅም።

ምግቡን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብዎ። በስኮትላንድ ቡና ቤቶች ሁሉ የሚገኘው ትኩስ የምስር ሾርባ ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ በባህላቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአሳማ አጥንት መረቅ ነው። ስለዚህ «ሥጋ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አስተናጋጁ ቁራጭ ሥጋ ስለሌለበት ብቻ የለም ሊልዎት ይችላል። ልጅዎ «ቪጋን ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅልዎ፤ ይህን ቃል ሁሉም ያውቁታል፤ ትርጉሙም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ የጸዳ ማለት ስለሆነ ከጾማችን ጋር ይስማማል። ድንች ጥብስም ቢሆን አንዳንድ ቤት በበሬ ሞራ ስለሚጠበስ ሳይጠይቁ አይብሉ። ጠዋት የአጃ ገንፎ ያገኛሉ፤ በወተት ፈንታ በውኃና በጨው እንዲሠራልዎ ይንገሩ፤ የጥንቱ አሠራርም እንዲያው ስለሆነ ማንም አይደነቅም። በታሸገ ምግብ ላይ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ በደማቅ ፊደል እንዲጻፍ ሕጋቸው ያስገድዳል፤ የአሳማ ስብ ግን በዚህ መልክ ስለማይለይ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነም በመንደሮቹ ያሉ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡበት ሰዓት በዚያው ስለሚያበቃ፣ ቆሎና ዳቦ ከነትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይያዙ።

ለማረፍ ሲቆሙ አንድ ነገር ይወቁ። ዝናቡ ሲበረታ ወይም ነፋስ ሲኖር የማይታዩት ሚጅ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች፣ ዝናቡ አባርቶ አየሩ ጸጥ ሲል ከረግረጉ በመንጋ ይወጣሉ፤ በተለይ ወደ ምዕራቡ ተራሮች ከሄዳችሁ። ስለዚህ ለምሳ ስትቀመጡ ነፋስ የሚነካውን ቦታ ምረጡ፤ መከላከያ ቅባቱንም ልጅዎ ከመነሣታችሁ በፊት ከፋርማሲ ይግዛ።